እግራቸው ደረቀ፣ ስብርባሪውም አልተሰማቸውም፤ ምን አገናኛቸው?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እናቴ 62 ዓመቷ ነው። ስኳር ከተገኘባት ቆየት ብሏል፤ ሜትፎርሚን ትወስዳለች። ድሮ እግሯን በጣም ያልባት ነበር፤ አሁን ላብ የሚባል ነገር የለም። ተረከዟ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሌሊት ደግሞ ‹እግሬ ተቃጠለ› እያለች ከብርድ ልብስ ታወጣዋለች። ምግብ ስትበላ ፊቷና አንገቷ በላብ ይጠመቃል፤ አልጫ ቢሆን እንኳ። ባለፈው ሳምንት ወለሉ ላይ ደም አይተን ስንፈልግ ውስጥ እግሯ ላይ የብርጭቆ ስብርባሪ ተሰክቶ አገኘን። እሷ ምንም አልተሰማትም። ‹ካላመመኝ ምን አስጨነቃችሁ› ብላ ሐኪም ቤት አልሄድም አለች። ይሄ የቆዳ በሽታ ነው? ለድርቀቱስ የትኛውን ቅባት ልግዛላት?»

መልስ፦ ወደ ቅባቱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ቁስሉ። እናትዎን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው። ስብርባሪው ቢወጣም ትንሽ ቁራጭ ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ ራጅ ያስፈልግ ይሆናል። የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ክትባታቸውም መታየት አለበት። ቁስሉ ከቀላ፣ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ መግል ከያዘ ወይም ከሸተተ አንድ ቀን እንኳ አያሳድሩት። «ካላመመኝ» የሚለው ሚዛን ለብዙ ሰው ይሠራል። ለእናትዎ ግን አሁን አይሠራም። የተጎዳባቸው ሕመሙን የሚያደርሰው ነገር ራሱ ነውና።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። አራት ነገር ነው የጻፉልኝ፦ ላብ መቅረት፣ ማቃጠል፣ አለመሰማት፣ ሲበሉ ፊት ማላብ። አራቱም አንድ ምንጭ ያላቸው ይመስለኛል። እሱም የቆዳ በሽታ አይደለም። ቆዳውን የሚያገለግሉት ነርቮች በስኳር መጎዳታቸው ነው። ይህን በምርመራ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ግን የጻፉልኝ ታሪክ በጣም የተለመደ ነው። ክሊኒክ ውስጥ ደጋግሜ የማየውም ይህንኑ ነው፦ ሰው ስለ ተረከዝ ንቃቃት ይመጣል፣ እግሩን ስንመረምር ስሜቱ ጠፍቶ እናገኘዋለን።

ከላቡ ልጀምር፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ቁም ነገር የማይለው ይሄኛውን ምልክት ነው።

የሰው ቆዳ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የሚሆኑ የላብ ዕጢዎች አሉት። እያንዳንዱ በዓይን የማይታይ ቀጭን ቱቦ ነው። ታችኛው ጫፉ በቆዳው ጥልቅ ክፍል ተጠቅልሎ ይተኛል፤ ላይኛው ጫፉ ወደ ቆዳው ገጽ ይከፈታል። ታች የሚመነጨው ፈሳሽ ጨዋማ ነው። ወደ ላይ ሲወጣ ቱቦው ከጨው አብዛኛውን መልሶ ይወስዳል። እነዚህ ዕጢዎች በጣም ተጨናንቀው ከሚገኙባቸው ቦታዎች አንዱ ውስጥ እግር ነው፤ ሌላው መዳፍ። የእነዚህ ሁለት ቦታዎች ላብ ከሙቀት ይልቅ ለስሜት ቶሎ ይታዘዛል። ሰው ሲፈራ ወይም ፈተና ሲቀመጥ መዳፉ የሚርሰው ለዚህ ነው። ትንሽ እርጥበት ደግሞ እግር እንዳይንሸራተት፣ ቆዳውም ልስላሴውን ይዞ እንዲቆይ ያግዛል።

ሌላ ዓይነት ዕጢም አለ፤ ወዝ የሚያመነጨው። ከጸጉር ሥር ተጣብቆ ነው የሚኖረው። ፊትና ራስ ላይ በብዛት አለ፤ ብጉር የሚነሳውም ከእሱ ነው። መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ግን ጸጉር የለም፤ የወዝ ዕጢም የለም። (ብብትና ብሽሽት ላይ ያለው ሦስተኛው ዓይነት ዕጢ ከዛሬው ጉዳይ ጋር ብዙም አይገናኝም። በጉርምስና ሥራ ይጀምራል፤ ባክቴሪያ ፈሳሹን ሲያብላላው ጠረን ያመጣል።) ስለዚህ ውስጥ እግር የራሱ ወዝ የለውም። ከውስጥ እርጥበት የሚያገኘው ከላብ ነው። ላቡ ሲቆም ቆዳው ይደርቃል፣ ይደነድናል፣ ክብደት በሚያርፍበት ተረከዝ ላይ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ሲጠልቅ ለባክቴሪያ በር ይሆናል።

ላቡ ለምን ቆመ? ዕጢዎቹ አልሞቱም። ትእዛዝ አጥተው ነው። እያንዳንዱ የላብ ዕጢ በቀጭን የነርቭ ክር ተከቧል። ነርቩ አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል ሲለቅ ዕጢው ያመነጫል፤ ካልለቀቀ ዝም ይላል። እኛ የማናዝዘው፣ በራሱ የሚሠራው የነርቭ ሥርዓት ክፍል ነው ይሄ። ሌላም ምስክር አለ። ጣት ውኃ ውስጥ ሲቆይ የሚጨማደደው ቆዳው ውኃ ስለጠጣ ብቻ ይመስለናል። ነርቩ የተቆረጠ ጣት ግን ውኃ ውስጥ ቢዋል እንደ ጤነኛው አይጨማደድም። ጭምድዱን የሚያመጣው ነርቩ ነው፤ ከቆዳው ሥር ያሉትን ትንንሽ የደም ሥሮች በማጥበብ። ቆዳ በራሱ የሚሠራ የሚመስለን ብዙ ነገር እንዲህ ከነርቭ የሚመጣ ነው።

ስሜቱም በነዚሁ ነርቮች ነው የሚጓዘው። ውስጥ እግር ላይ ስሜት የሚቀበሉት ብዙ ዓይነት ናቸው፤ ሥራቸውም ለየቅል ነው። ከቆዳው ገጽ ቀረብ ብለው የማይስነር አካላት የሚባሉ አሉ። ቀላል ንክኪንና መንሸራተትን ይይዛሉ። ቁጥራቸው በዕድሜ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ ያለ ስኳርም ቢሆን የአዛውንት እግር ትንሽ ይደክማል። የሜርክል ህዋሳት ደግሞ የማያቋርጥ ጫናንና የነገሮችን ጠርዝ ይለያሉ። ጫማ ውስጥ የገባች ጠጠር ክብ ትሁን ሹል የምናውቀው በእነሱ ነው። የሩፊኒ ጫፎች የቆዳውን መወጠር ይከታተላሉ።

ከሁሉም በጥልቀት የተቀመጠው የፓቺኒ አካል ነው። ጣሊያናዊው ፊሊፖ ፓቺኒ እ.ኤ.አ. በ1831 ገና ተማሪ ሳለ፣ የሰው እጅ ሲመረምር ነው ያገኘው። ርዝመቱ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ያለ ማይክሮስኮፕ ይታያል። ተቆርጦ ሲታይ እንደ ቀይ ሽንኩርት ተደራራቢ ልባስ አለው፤ መሀሉ ላይ የነርቭ ጫፍ አለ። ልባሱ ዝግታ ያለውን ጫና አቅልሎ ያሳልፋል፤ ንዝረትን ግን ወደ ነርቩ ያደርሳል። ሐኪም የሚርገበገብ ሹካ መሰል ብረት አውራ ጣትዎ አጥንት ላይ ሲያሳርፍ እነዚህንና የነሱን ወፍራም ነርቭ እየፈተነ ነው። ብረቱ በሰከንድ 128 ጊዜ ይርገበገባል።

የመጨረሻዎቹ ምንም ልባስ የላቸውም። ራቁታቸውን የሆኑ የነርቭ ጫፎች ናቸው፤ እስከ ላይኛው የቆዳ ንብርብር ድረስ ይዘልቃሉ። ሕመም፣ ሙቀት፣ ብርድና ማሳከክ በእነሱ ነው የሚመጡት። ጫፎቹ ላይ የሚቀመጥ ቲአርፒቪ1 የተባለ ፕሮቲን አለ። ሙቀት ወደ 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይከፈታል፣ ነርቩም «ተቃጠልኩ» ይላል። ሚጥሚጣ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን ደግሞ ይህንኑ በር ያለ ምንም ሙቀት ይከፍተዋል። ቃሪያ የቆረጠ እጅ እሳት ሳይነካው የሚያቃጥለው ለዚህ ነው። ይህን ፕሮቲን ዴቪድ ጁሊየስ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ለየው። አርደም ፓታፑቲያን ደግሞ ጫናና ንክኪ የሚቀበሉትን ፕሮቲኖች አገኘ። ሁለቱም በ2021 የኖቤል የሕክምና ሽልማት ተጋሩ። ለእኔ በቅርብ ዓመታት ከተሰጡት ሽልማቶች እንደዚህ ደስ ያለኝ የለም፤ ቆዳ ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ ለዓለም አሳይቷል።

እነዚህ ሁሉ ወደ አንጎል የሚልኩት በአንድ ዓይነት መንገድ አይደለም። ንክኪና ንዝረት በወፍራም ነርቭ ይሄዳሉ፤ በሰከንድ እስከ 75 ሜትር ይፈጥናሉ። ሙቀትና የሚቆየው ሕመም በጣም ቀጭን በሆነው ነርቭ ይሄዳሉ፤ በሰከንድ አንድ ሜትር ገደማ ብቻ። ጣትዎ ከአልጋ እግር ጋር ሲጋጭ መጀመሪያ ሹል ነገር ይሰማዎታል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያ ቀስ ብሎ የሚመጣው፣ ዓይን የሚያስጨፍነው ሕመም ይከተላል። ሁለት ነርቭ ነው፤ አንዱ ቀድሞ ደረሰ።

ለላብ ዕጢዎች ትእዛዝ የሚያመጣውስ? እሱም ከቀጭኖቹ ነው። ስኳር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያጠቃው እነሱን ነው። ስለዚህ የእግር ላብ መቅረትና ማቃጠል ከመደንዘዙ ቀድመው ሊመጡ ይችላሉ። እናትዎ ላይ ላቡ ሲጠፋ ቤተሰቡ «ተገላገለች» ብሎ ይሆናል። በእውነቱ ግን ነርቩ ያኔ ነው መጎዳቱን መናገር የጀመረው።

ለምን እግር? ወደ አውራ ጣት የሚደርሰው የነርቭ ህዋስ ዋና አካሉ ወገብ አካባቢ፣ ከአከርካሪ አጠገብ ነው ያለው። ከዚያ እስከ ጣት ጫፍ አንድ ሜትር ያህል ክር ይዘረጋል። ያን ሁሉ ርቀት የሚመግበው ያች ጥቃቅን ህዋስ ናት። ደም ውስጥ ያለ ብዙ ስኳር ክሩንም፣ ክሩን የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይጎዳል። ረጅሙ ክር ቀድሞ ይወድቃል። ስለዚህ ከጣት ጫፍ ይጀምራል፤ በሁለቱም እግር እኩል ይወጣል፤ ካልሲ እስከሚደርስበት ይዘልቃል። ጉልበት አካባቢ ሲደርስ የእጅ ጣቶችም መደንዘዝ ይጀምራሉ።

እንግዲህ የማይሰማ እግር እንዴት ያቃጥላል? ብዙ ታማሚዎች ይህን ሲናገሩ የሚያምናቸው አጥተዋል፤ ቤተሰብም ሰበብ ይመስለዋል። እውነት ነው፤ ሁለቱም አብረው ይኖራሉ። የተጎዳ ነርቭ ሁልጊዜ ዝም አይልም። ጫፉ የሞተ ነርቭ ከውጭ የሚመጣውን ብርጭቆ አይቀበልም፤ የተጎዳው አካሉ ግን ምንም ሳይነካው በራሱ ምልክት ይልካል። አንጎል ምልክቱ ከእግር የመጣ አድርጎ ይተረጉመዋል። ሌሊት የሚብሰው ደግሞ ቀን ላይ ትኩረት የሚሻሙት ነገሮች ስለሌሉ፣ እግሩም ብርድ ልብስ ውስጥ ስለሚሞቅ ነው። ለዚህ ሕመም የሚረዱ መድኃኒቶች አሉ፤ አሚትሪፕቲሊን፣ ጋባፔንቲንና ዱሎክሴቲን። የልብ፣ የኩላሊትና የሌላ መድኃኒት ታሪክ ታይቶ ስለሚታዘዙ ከፋርማሲ ብቻ ጠይቀው አይግዙ። ተራ የሕመም ማስታገሻ ለዚህ ዓይነቱ ሕመም ብዙ አይሠራም።

ዛሬ ማታ ቤት ውስጥ ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ፈተና አለ። ከእንግሊዝ ከተማ ኢፕስዊች ሆስፒታል የመጣ ነው። እናትዎ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጋደሙ። በአመልካች ጣትዎ ጫፍ የእግራቸውን አውራ ጣት፣ መሀል ጣትና ትንሽ ጣት ጫፍ በየተራ ይንኩ። ሁለቱንም እግር፤ በድምሩ ስድስት ቦታ። ቀስ ብለው፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ። አይጫኑ፣ አይኮርኩሩ፣ አይድገሙ። ሲሰማቸው «አዎ» ይበሉ። ከስድስቱ ሁለትና ከዚያ በላይ ካልተሰማቸው እግራቸው ስሜቱን እያጣ ነው። ክሊኒክ ውስጥ ደግሞ የ10 ግራም ጫና የምታሳርፍ ቀጭን የናይለን ክር አለች። ይቺን ክር መለየት ያልቻለ እግር ለቁስል በጣም የተጋለጠ ነው። የደም ዝውውሩም አብሮ መታየት አለበት፤ ሐኪሙ እግር ላይ ያለውን የደም ሥር ትርታ ይዳስሳል።

አሁን ቅባቱ። ዩሪያ ያለበት ክሬም፣ ከ10 እስከ 25 በመቶ የሆነ፣ ለደረቀና ለደነደነ ተረከዝ ጥሩ ነው። ካላገኙ ቫዝሊን ይሠራል። ታጥበው፣ በፎጣ ጠቅ ጠቅ አድርገው ካደረቁ በኋላ ወዲያው ይቀቡ። በጣቶች መሀል ግን አይቀቡ፤ እዚያ እርጥበት ሲታፈን ፈንገስ ይነሳል። የተከፈተ ቁስል ወይም የሚደማ ስንጥቅ ላይ ክሬምም ቅቤም አይደረግም። የደነደነውን በምላጭ መቅረፍ የለም። በድንጋይ አጥብቆ መፈግፈግም የለም፤ የማይሰማ ሰው መቼ ማቆም እንዳለበት አያውቅም። ሙቅ የጨው ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍም ይቅር። ደረቅ ቆዳን ይብስ ያደርቃል፣ ውኃው ቢያቃጥልም አይታወቅም።

ከቅባቱ በላይ የማስበው ግን ዕለታዊ ፍተሻ ነው። እግራቸው መናገር ካቆመ፣ ዓይን ይተካው። በየማታው አንድ ሰው ውስጥ እግራቸውን፣ ተረከዛቸውን፣ የጣቶቻቸውን መሀል ይይ። የማይመች ከሆነ መስታወት ወለል ላይ አድርገው ራሳቸው ማየት ይችላሉ። ነጭ ካልሲ ይግዙላቸው፤ ደም ወይም ፈሳሽ ወዲያው ይታያል። ቤት ውስጥም ባዶ እግር አይሂዱ። ጫማ ከመጫማታቸው በፊት ገልብጠው ያራግፉት፣ እጅ ከተው ይዳስሱት። የመታጠቢያ ውኃ በእግር አይለካ፤ በክርናቸው ወይም በእርስዎ እጅ ይለካ። ቡና ሲፈላ ከከሰሉ ራቅ ብለው ይቀመጡ። ብርድ ሲሆን እግርን ወደ ምድጃ ማስጠጋት ለእሳቸው አደገኛ ነው፤ ሳይሰማቸው ቆዳው ይቃጠላል። ቤተክርስቲያን ወይም መስጊድ ጫማ ሲያወልቁ ወፍራም ካልሲ ያድርጉ፣ ቤት ሲመለሱም እግራቸው ይታይ። የፀሐይ ግለት ያለበት ድንጋይ ንጣፍ ብቻውን ውኃ ሊያስቋጥር ይችላል።

የጠፋው ስሜት ይመለሳል ወይ ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ስኳሩን መቆጣጠር ግን ጉዳቱ እንዳይገፋ ያዘገየዋል። ነገር ግን ሁሉንም በስኳር ከማሳበብዎ በፊት አንድ ነገር ያስመርምሩ። ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው የቪታሚን ቢ12 እጥረት ሊይዘው ይችላል። እጥረቱ ራሱ ነርቭ ይጎዳል፤ የእሱ ግን መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሜትፎርሚኑን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ የደም ምርመራ ይጠይቁ ብቻ። አልኮል፣ ወይም ለቲቢ የሚሰጠው አይሶናያዚድም ነርቭ ይጎዳሉ፤ ታሪካቸው ውስጥ ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ሌላው፣ ድንዛዜው በሁለቱም እግር እኩል ካልሆነና አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ነገሩ ሊለይ ይችላል። ከዙሪያው ቆዳ ፈዘዝ ያለ፣ የማይሰማ፣ የማያልበው፣ ጸጉሩም የሳሳ ጥፍጥፍ ቦታ ካዩ የሥጋ ደዌ መመርመር አለበት። ባክቴሪያው ነርቭ ውስጥ ስለሚገባ ላብና ስሜት አብረው ይጠፋሉ። አገራችን ውስጥ አሁንም አለ፤ ይድናል፤ መድኃኒቱም በነጻ ነው የሚሰጠው። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ለዚሁ ሕመም የተቋቋመው የሕክምና ማዕከል፣ አለርት፣ ስሜት ያጣ እግርን በመንከባከብ የቆየ ልምድ አለው።

የቀረው የፊት ላብ ነው። በርበሬ ሲበሉ ማላብ የማንም ነው። አልጫ ሲበሉ ፊትና አንገት በላብ መጠመቅ ግን በስኳር ታማሚ ላይ ሲታይ፣ በራሱ የሚሠራው የነርቭ ሥርዓት መጎዳቱን ያመለክታል። እግር ላይ ትእዛዝ የቀረበት ሥርዓት ፊት ላይ ያለ ቦታው ያዛል። ይህ ላብ በራሱ ጉዳት የለውም። ይሁን እንጂ ያው ጉዳት የደም ግፊትንና የጨጓራን እንቅስቃሴም ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ሲቆሙ ዓይናቸው ይጨልም እንደሆነ፣ ትንሽ በልተው ይጠግቡ እንደሆነ ይጠይቋቸውና ለሐኪሙ ይንገሩት።

ይህን ላብ ከሌላ ላብ ግን ይለዩት። ምግብ ሳይበሉ ቆይተው ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቃቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ከራባቸው ወይም ንግግራቸው ከተዛባ ስኳራቸው ወርዶ ሊሆን ይችላል። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች እምብዛም አያወርድም፤ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለው የስኳር ክኒን ከተጨመረላቸው ግን አደጋው እውነተኛ ነው። መለኪያ ካለ ወዲያው ይለኩ። ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር (mg/dL) በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌለ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ያጠጧቸው። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ ካልተሻላቸው ይድገሙት። መዋጥ ካቃታቸው ወይም ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም ሳይሰጡ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።